ናቹራል ወይስ ሶሻል? የልጅዎን ዘርፍ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በብቃቱ ለመምረጥ፦ ለጅማ ወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

ሰኔ ላይ የ10ኛ ክፍል ካርድ ሲታደል በየትምህርት ቤቱ ግቢ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ናቹራል ነው ሶሻል?» መልሱም ብዙ ጊዜ እዚያው በር ላይ፣ ከካርዱ ግርጌ ያለው አማካይና ደረጃ ታይቶ ይሰጣል። ደረጃው ጥሩ ከሆነ ናቹራል፣ ዝቅ ካለ ሶሻል። በዚህ ዓይነት የተመረጠ ዘርፍ ልጆችን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያንገላታ አይቻለሁ። ታሪክና ሕግ የምትወድ ልጅ «ጎበዝ ናት» ተብላ ፊዚክስ ላይ ስትቀር፣ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም ልጅ ደግሞ ደረጃው ዝቅ ስላለ ብቻ ወደ ሶሻል ሲገፋ።

ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት ውሳኔው በዚያች አንድ ቀን እንዳይደረግ ነው። ሥራው ከ9ኛ ክፍል መስከረም ይጀምራል። ሥራውም ልጁ ብቻውን ሲቀመጥ ምን መሥራት እንደሚችል መረጃ መሰብሰብ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ብቃት» የሚለውም ይህንኑ ነው።

ለምን የቤተሰብ ሥራ ሆነ?

ቀድሞ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር። ፕሪፓራቶሪ (11ኛና 12ኛ ክፍል) የሚገባውንና ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚያመራውን የሚለየው እሱ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ያ ፈተና ቀርቷል። መዋቅሩም 6-2-4 ሆኗል፤ ከ1ኛ እስከ 6ኛ የመጀመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ። የ2015 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። እንግዲህ 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ አልፎ 9ኛ የገባ ልጅ፣ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ባለ ሚዛን የሚመዘነው 12ኛ ክፍል ሲደርስ ነው። በመካከል ዘርፍ ሲመርጥ በእጁ ያለው መረጃ የትምህርት ቤቱ ማርክ ብቻ ይሆናል።

የ12ኛ ክፍል ሚዛን ደግሞ ጠንካራ ነው። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከዞረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በቅደም ተከተል 3.3፣ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። ቁጥሩን የጠቀስኩት ላስፈራራ ብዬ አይደለም። ካርድ ላይ 80 የተጻፈለት ልጅ ብቻውን ወረቀት ይዞ ሲቀመጥ የሚሠራው ሌላ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። ዘርፍ የሚመረጠው ሁለተኛውን በማወቅ ነው።

እርምጃ 1፦ መንገዱን በደንብ ይወቁ

9ኛና 10ኛ ክፍል ለሁሉም ተማሪ የጋራ ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የዜግነት ትምህርት፣ አይሲቲ፣ ስፖርት፣ ቋንቋዎች። ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መሰጠቱ ለምርጫው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ልጁ ሶሻል ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት ያየዋልና። 11ኛ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ናቹራል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፤ ሶሻል ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። እንግሊዝኛና ሒሳብ የጋራ ናቸው። ከዚህ ሌላ እንደ ግብርናና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ያሉ ወደ ሙያ የሚያደሉ ትምህርቶች ገብተዋል።

አንድ ነገር ላስምርበት፦ «ሒሳብ ስለማይሆንለት ሶሻል ይግባ» የሚለው ስሌት አያዋጣም። ሶሻልም ሒሳብ ይማራል፤ 12ኛ ክፍል ላይም የሶሻል ሒሳብ ራሱን የቻለ ፈተና አለው፤ ኢኮኖሚክስም ያለ ግራፍና ያለ ቀመር አይሄድም።

እርምጃ 2፦ «ብቃት» የሚባለውን ከመጽሐፉ ያውጡ

አዲሶቹ የመማሪያ መጻሕፍት በእያንዳንዱ ምዕራፍ መግቢያ ላይ ተማሪው ምዕራፉን ሲጨርስ ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት ይዘረዝራሉ። «ያብራራል»፣ «ያሰላል»፣ «ሠርቶ ያሳያል»፣ «ያነጻጽራል» ዓይነት ግሦች ናቸው። መጽሐፉ በእጅ ከሌለ ትምህርት ሚኒስቴር በፒዲኤፍ ያሰራጨውን ስልክ ላይ መጫን ይቻላል። ያችን አንድ ገጽ ከልጅዎ ጋር ያንብቡ። እንግሊዝኛውን ልጁ በአማርኛ ይንገርዎት፤ እሱ ራሱ አንዱ ፈተና ነው።

ከዚያ በኋላ «አጠናህ ወይ?» ማለት ይቅርና ከዝርዝሩ አንዱን እንዲሠራ ይጠይቁት። የ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ የሶሉሽን ምዕራፍ ላይ ደርሷል እንበል። ግማሽ ሊትር የሚሆን፣ መጠኑ 0.5 ሞላር የሆነ (በአንድ ሊትር ፈሳሽ ግማሽ ሞል ጨው ያለበት፤ ሞል የኬሚስትሪ መለኪያ ነው) የጨው ውሃ እንዲያዘጋጅ ይንገሩት። የገበታ ጨው አንድ ሞል 58.5 ግራም ስለሆነ የሚያስፈልገው 14.6 ግራም ገደማ ነው፤ ይህን በወረቀት ማስላት ያወቀ ልጅ ብዙ ነው። አሁን የሚያደርገውን ይመልከቱ። ግማሽ ሊትር ውሃ ለክቶ ጨዉን እላዩ ላይ ከጨመረ ስሌቱን ሸምድዷል ማለት ነው። ጨዉን በጥቂት ውሃ አሟሙቶ፣ ከዚያ እስከ ግማሽ ሊትሩ መስመር ድረስ ውሃ ከሞላ፣ መጠኑ የሚለካው በጠቅላላው ፈሳሽ እንደሆነ ገብቶታል። «ለምን ጨዉን አስቀደምክ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ኬሚስትሪ መማር አያስፈልግዎትም፤ በራሱ ቃል፣ ሳይደናገር ካስረዳዎት ይበቃል።

ለሶሻሉም እንደዚሁ ነው። ኢኮኖሚክስ ላይ ፍላጎትና አቅርቦት ሲማሩ ለአንድ ወር በየሐሙሱ ገበያ ከእናቱ ጋር ወጥቶ የሽንኩርትን የኪሎ ዋጋ ይመዝግብ፤ በግራፍ ያስቀምጠው፤ ዋጋው ሲንቀሳቀስ ነጋዴዋን «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ። ዝናብ፣ የመኪና ኪራይ፣ የጾም መግቢያ፣ ሌላም ትነግረዋለች። ከዚያ የሰማውን ከመጽሐፉ ጋር አገናኝቶ አንድ ገጽ ይጻፍ። ቁጥሩን የሞላና ዝም ያለ ልጅ አለ፤ «ዋጋው የጨመረው አቅርቦት ስለቀነሰ እንጂ ፈላጊ ስለበዛ አይደለም፤ ምክንያቱም…» ብሎ የሚጽፍ ልጅም አለ። ሁለተኛው ሶሻል ውስጥ ይለመልማል።

በየትምህርቱ በወር አንድ እንዲህ ያለ ሥራ ካገኙ ብዙ ነው። ሁሉን በአንዴ አይጀምሩ፤ ልጁ ይሰለቻል፤ እርስዎም ይደክማሉ።

እርምጃ 3፦ አንድ ክላሰር ይክፈቱ

ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አንድ ክላሰር ይግዙ። የሚገባበት ልጁ ራሱ የሠራው ወይም እጁ ያለበት ሥራ ብቻ ነው፦ የታረመ የቴስት ወረቀት፣ የላብ ሪፖርት፣ የጻፈው ድርሰት፣ የሳለው ካርታ፣ በእጁ የሠራው ዕቃ ፎቶ። በእያንዳንዱ ላይ ቀኑንና «ብቻዬን»፣ «በእገዛ» ወይም «በቡድን» የሚል ቃል ይጻፍበት። ከጓደኛ የተገለበጠ ወይም ከስልክ ተቀድቶ የመጣ አሳይመንት አይግባ። ልጅዎ ይህን ሲያውቅ የሚገለብጠውን ይገለብጣል፤ ክላሰሩ ግን እውነተኛ ሆኖ ይቀራል።

እርምጃ 4፦ ካርዱን ይበትኑት

ይህን እርምጃ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ እመክራለሁ፤ የሚያስከፍለው የግማሽ ቀን ጊዜ ብቻ ነው።

ካርድ ላይ የሚታየው አንድ ቁጥር ከብዙ ምንጭ የተጠራቀመ ነው። ቴስት አለ፣ የክፍል ሥራ አለ፣ የቤት ሥራ፣ የቡድን ፕሮጀክት፣ ደብተር፣ ሚድ፣ ፋይናል አለ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የክፍል ኃላፊውን ወይም የትምህርቱን መምህር በትሕትና ጠይቀው ዝርዝሩን በደብተር ይገልብጡ።

አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። ትምህርት ቤቱ ከ60 ተከታታይ ምዘና፣ ከ40 ማጠቃለያ ፈተና የሚይዝ ነው እንበል። ሁለት ተማሪዎች ፊዚክስ ላይ እኩል 78 አመጡ። የመጀመሪያው ከተከታታይ ምዘናው 55፣ ከማጠቃለያው 23። ሁለተኛዋ ከተከታታዩ 44፣ ከማጠቃለያው 34። ካርዱ እኩል ናቸው ይላል። ፈተናውን ብቻ ካየን ግን ልጁ ከግማሽ ትንሽ በላይ፣ ልጅቷ 85 በመቶ ነው የሠሩት። የልጁ 55 በአብዛኛው የቡድን ሥራ ከሆነ፣ ቡድኑ ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ ሠርቶ ለሁሉም ማርክ አስገኝቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ናቹራል ቢገባ ያ ጎበዝ ልጅ አብሮት 12ኛ ክፍል ፈተና አይቀመጥም።

ግን አይቸኩሉ፤ የልጁ 55 የመጣው ላብ ውስጥ ብቻውን ከሠራቸው ሙከራዎች ከሆነ ታሪኩ ይገለበጣል። ያ ልጅ ነገሩን ያውቃል፤ የሚያስቸግረው የፈተና ሰዓት ወይም የጥያቄው እንግሊዝኛ ነው። መድኃኒቱ ሌላ ነው፣ ዘርፍ መቀየር አያስፈልገውም። የልጅቷ 44ም ይመርመር፤ ከሰው ጋር መሥራት የሚከብዳት ከሆነ ተባብሮ መሥራትና ተግባቦት ሥርዓተ ትምህርቱ ራሳቸውን ችለው ከሚፈልጋቸው ብቃቶች መካከል ናቸው፤ ችላ አይባሉም።

አራት ሴሚስተር፣ ማለትም የ9ኛና የ10ኛ ክፍልን፣ እንዲህ ዘርዝረው ሲይዙ ከቁጥሩ በላይ አቅጣጫው ይታያል። ባዮሎጂ ከ62 ተነስቶ 66፣ 71፣ 75 እያለ የሚወጣ ልጅ፣ ከ85 ወደ 74 ከሚወርደው ይልቅ 11ኛ ክፍልን የሚችል ይመስለኛል። ሰው የሚመርጠው ሁልጊዜ ባለ 85ቱን ነው።

እርምጃ 5፦ ቋንቋውን ከትምህርቱ ይለዩ

እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ማርክ ቢያሽቆለቁል «ሳይንስ አይሆንለትም» ብለው አይፍረዱ። የወደቀበትን ጥያቄ በአማርኛ ተርጉመው፣ ወይም ጎረቤት ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስተርጉመው እንደገና ያሠሩት። በአማርኛ ከሠራው የጎደለው ሳይንስ ሳይሆን እንግሊዝኛ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጥቂት ቃላት ላይ ነው። «አት ሊስት»፣ «ሪስፔክቲቭሊ»፣ «ኮንስታንት ሬት»፣ «ኤክሴፕት» የሚሉትን ሳያስተውል የሚያልፍ ልጅ የሚያውቀውን ይስታል። ለነዚህ አንድ ትንሽ ደብተር ይመደብ፤ ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ የተገኘበት ጥያቄ። በየቀኑ ሦስት ቃል ይበቃል።

እዚህ ላይ ወላጆች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ልንገርዎት። እንግሊዝኛው ደካማ የሆነ ልጅ ሶሻል ቢገባ ይቀለዋል ይባላል። ታሪክና ጂኦግራፊ ረጃጅም አንቀጽ የሚያስነብቡ ትምህርቶች ናቸው፤ ፊዚክስ ላይ ቢያንስ ቀመሩ ቋንቋ አይጠይቅም። እንግሊዝኛው የከበደው ልጅ በሁለቱም መንገድ ይከብደዋልና ሥራው እንግሊዝኛውን ማጠንከር ነው።

በቤቱ አማርኛ የሚናገር የጅማ ልጅ አፋን ኦሮሞንም እንደ ትርፍ ትምህርት አይየው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። ነርስ ቢሆን፣ ግብርና ባለሙያ ቢሆን፣ ጠበቃ ቢሆን ነገ የሚያገለግለው ሕዝብ ቋንቋ ነው። የትኛውንም ዘርፍ ቢመርጥ ይህን ትምህርት በደንብ ይያዘው።

እርምጃ 6፦ ከተማውን ይጠቀሙበት

ጅማ ያለ ልጅ ሌላ ቦታ ያለ ልጅ የማያገኘው ዕድል አለው። የሚያልመውን ሙያ የሚሠሩ ሰዎች በባጃጅ ርቀት ናቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የግብርና ኮሌጁ ከ1944 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። የሕክምና ማዕከሉ አለ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ላይ የቴክኖሎጂው ኢንስቲትዩት አለ። ዩኒቨርሲቲው የታወቀው በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው፤ ተማሪዎቹ ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ወጥተው ይሠራሉ። ሠፈር ውስጥ መጠይቅ ይዘው ሲዞሩ ያዩአቸዋል። ልጅዎ ሲያገኛቸው ያናግራቸው፤ ምን እየሠሩ እንደሆነ ከነሱ የተሻለ የሚነግረው የለም።

ወደ መልኮ የሚወስደውን መንገድ ልዩ ቦታ እሰጠዋለሁ። ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የሀገሪቱን የቡና ምርምር የሚያስተባብር ነው። በ1960ዎቹ የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው ፈንገስ አገራችን ሲገባ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። ተመራማሪዎች በሽታው ከደረሰባቸው ማሳዎች ውስጥ ሳይጠቁ የቀሩትን ዛፎች ፈልገው፣ ዘራቸውን ወስደው፣ ደጋግመው ፈትነው በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አወጡ። ባዮሎጂ የሚወድ ልጅ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ከበራ፣ «ለምን አንዳንዱ ዛፍ አልተጠቃም?» ብሎ ከጠየቀ፣ ያንን ጥያቄ ቀን ጽፈው ክላሰሩ ውስጥ ያስገቡ። ከማርክ ይበልጣል። «ታዲያ ገበሬው ለረገፈበት ቡና ማን ይከፍለዋል?» ያለ ልጅም ጥሩ ጠይቋል፤ የእሱ ልብ ያለው ኢኮኖሚክስ ጋ ነው። ሁለቱም አንድ ታሪክ ሰምተዋል።

ሕግ የሚያስብ ልጅ ፍርድ ቤት ሄዶ ግልጽ ችሎት ይከታተል፤ በር ላይ ያለውን ሥርዓት ጠይቆ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ። ታሪክ የሚወድ ልጅ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ይመልከት፤ የከተማውን ሙዚየም ይጎብኝ፤ ከዚያም የአስጎብኚውን ገለጻ ከመጽሐፉ ጋር ያነጻጽር። ኤሌክትሪክ የሚወድ ልጅ ከትምህርት በኋላ አጠገባችሁ ባለ የሞተር ጥቅለላ ቤት ይዋል።

ወደ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወደ ምርምር ማዕከሉ በግል ሄዶ በር ማንኳኳት አድካሚ ነው። የትምህርት ቤቱን የሳይንስ ክበብ መምህር ያነጋግሩና ትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ይጻፍ፤ ልጆቹ በቡድን ይሂዱ። እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይዞ ይግባ፦ «ጠዋት ከገቡ ጀምሮ እስከሚወጡ ምን ይሠራሉ?» ብዙ ልጅ የሚወደው የሙያውን ስም ነው፤ የቀን ውሎውን ሲሰማ ይቀዘቅዛል ወይም ይበልጥ ይሞቃል። ሁለቱም ጠቃሚ መረጃ ነው።

እርምጃ 7፦ መምህራንን እንዴት እንደሚያናግሩ

የወላጅ ቀን ሰው ስለሚበዛ ለዚህ አይሆንም። ሌላ ቀን ቀጠሮ ይያዙ። «መምህር፣ ልጄ ጎበዝ ናት ወይ?» ከተባሉ መምህሩ «ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ትበርታ» ከማለት በቀር ሌላ የሚሉት የለም። እንዲህ ይጠይቁ፦

«መምህር፣ ብቻዋን ስትሠራ የት ላይ ነው የምትቆመው?»
«ያልተማረችው ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ትሞክራለች ወይስ ትተወዋለች?»
«ክፍል ውስጥ ከራሷ ተነስታ የጠየቀችው ጥያቄ ያስታውሳሉ?»

የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኢኮኖሚክስና የእንግሊዝኛ መምህራንን ማግኘት ከቻሉ ይበቃል። የሰሙትን የዚያኑ ቀን ይጻፉ። ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ብዙ ያወጣል፤ መምህር የማይረሳው የጠየቀውን ተማሪ ነው።

ለሴት ልጅ ወላጆች አንድ ቃል። እንጀራ፣ ውሃ፣ ታናናሾቿ፣ እንግዳ፤ ይህ ሁሉ እሷ ላይ ከወደቀ ማርኳ የሚለካው የተረፋትን ሰዓት እንጂ ችሎታዋን አይደለም። ከመወሰንዎ በፊት አንድ ሴሚስተር ከወንድሟ እኩል የጥናት ሰዓት ይስጧትና ከዚያ ይዩ።

እርምጃ 8፦ ግንቦት ላይ ቁጭ ብሎ መወሰን

ካርድ ሳይመጣ፣ ግርግሩ ሳይጀመር፣ ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ክላሰሩ ይከፈት። ልጁ ራሱ እየገለጠ ያስረዳ። እናንተ አድምጡ። አጎት «በዘራችን ዶክተር የለም» ቢሉ፣ አያት «ሕግ ተማር» ቢሉ በአክብሮት ይሰማ፤ ማስረጃው ግን ያው ክላሰሩ ነው።

የሚከፈተውንና የሚዘጋውን በር በግልጽ አስቀምጡ። ከሶሻል ተነስቶ ሕክምናና ኢንጂነሪንግ መግባት አይቻልም፤ ይህ የተዘጋ በር ነው። ሕግ፣ ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ፣ ጋዜጠኝነት፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ሙያዎች ደግሞ የሶሻል ቤት ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከዚያ በኋላ በውጤትና በምርጫ ነው። ስለዚህ 11ኛ ላይ የሚመረጠው ሰፊው መንገድ ነው። «አካውንቲንግ ወይስ ማርኬቲንግ» የሚለው ክርክር ገና ጊዜ አለው፤ ዛሬ ቤት ውስጥ ጠብ አያስነሳ።

ሦስት ነገር አስተያዩ፦ ብቻውን ሲሠራ የሚችለው፣ ሳይታዘዝ የሚሠራው፣ ቢወድቅ እንኳ የሚመለስበት። ሦስቱም ወደ አንድ ዘርፍ ካመለከቱ ውሳኔው አልቋል። የሚችለውና የሚወደው ከተለያዩ፣ ለምሳሌ ሒሳብና ፊዚክስ ጥሩ ሆኖ ልቡ ታሪክ ላይ ከሆነ፣ እኔ የምመክረው ልቡ ያለበትን ነው፤ ያም የሚሆነው ክላሰሩ ውስጥ የታሪክ ሥራ ካለ ነው። ምንም የሠራው ሳይኖር «እወዳለሁ» ብቻ ከሆነ ገና ያልተፈተነ ፍቅር ነውና ክረምቱን ይሥራበት።

«ጓደኞቼ እዚያ ስለሚገቡ» የሚል ምክንያት ከመጣ አትቆጡ። በ16 ዓመት ጓደኛ ትልቅ ነገር ነው። ጓደኞቹ የትኛው ሠፈር እንደሚኖሩና ከትምህርት በኋላ መገናኘት እንደሚችሉ አስታውሱት።

እርምጃ 9፦ ከመመዝገብዎ በፊት ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ

ሥርዓተ ትምህርቱ ወረቀት ላይ የሚለውና አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ርዕሰ መምህሩን ወይም ምክትሉን አግኝተው ይጠይቁ፦ ላብራቶሪው ይሠራል ወይ? በሴሚስተር ስንት ጊዜ ይገባሉ? ኮምፒውተሮቹ ይበራሉ? ለግብርናና ለአይቲ መደበኛ መምህር አለ? ካልወደደው ዘርፍ የሚቀይርበት ቀነ ገደብ መቼ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ አይርሱ። መልሱ ደካማ ከሆነ ሌላ ትምህርት ቤት ይዩ፤ የሩቁ ትምህርት ቤት የሚያስወጣው የባጃጅ ዋጋ ግን ከወር ወር የሚቆጠር ነውና አስልተው ይወስኑ።

እጁ ለሚሠራ ልጅ

በእጁ ሲሠራ የሚያበራ፣ በወረቀት ግን የሚጨነቅ ልጅ ካለዎት የቴክኒክና ሙያውን መንገድ እንደ ውድቀት አያቅርቡለት። በብቃት መመዘን እዚያ የቆየ ነገር ነው፤ ሠልጣኙ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ሲቀመጥ ሥራውን ሠርቶ አሳይቶ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። ጅማ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። 10ኛ ክፍል ሳለ አንድ ቀን ወርክሾፖቹን ይይ፤ ወደዚያ የሚያስገባውን መስፈርት ከኮሌጁ ሬጅስትራር በዓመቱ ይጠይቁ፤ መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ሊለወጥ ይችላልና ያምናውን ይዘው አይሂዱ።

እርምጃ 10፦ 11ኛ ክፍል ከገባ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሙከራ ናቸው። የ11ኛ ክፍል ናቹራል ከ10ኛው በጣም ይከብዳል፤ የመጀመሪያው ቴስት ዝቅ ቢል ያስደነግጥ ይሆናል እንጂ ዘርፍ አያስቀይርም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይጠብቁ። የታረመውን ወረቀት አብራችሁ ዩ፤ የሳተው ስሌት ላይ ነው፣ ንባብ ላይ ነው፣ ወይስ ሐሳቡ ጨርሶ አልገባውም? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሥራ ይስተካከላሉ። ሦስተኛው በሁሉም የዘርፉ ትምህርቶች ላይ ከታየና ልጁም መቀየር እንደሚፈልግ ደጋግሞ ከነገረዎት ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ይንቀሳቀሱ።

ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ የልጁና የእርስዎ ፊርማ ይኑርበት፤ ምክንያቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገለጽ፤ የክላሰሩ ማስረጃ ኮፒ ይያያዝ። ለርዕሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት አስገብተው ገቢ ያደረጉበትን ቁጥርና ቀን በግልባጩ ላይ ያስጽፉ። ልጁ እስኪቀየር ድረስ በሁለቱም ዘርፍ ማስታወሻ ይያዝ፤ ከአዲሱ ክፍል አንድ ተማሪ ፈልጎ ያመለጡትን ምዕራፎች ይገልብጥ፤ የተቀየረ ዕለትም አዲሶቹ መምህራን ዘንድ ቀርቦ ያለፉትን ቴስቶች መቼ እንደሚፈተን ይጠይቅ።